ቁርጭምጭሚትን የሚያስረው ብሎን፦ መንገዱን የሚያሳዩት የአጥንት ምልክቶች

በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ፣ የጄን እና የፊንች ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር፣ የብርዱ ወራት ክፉ ቀን በረዶ በብዛት የሚጥልበት አይደለም። የወረደ በረዶ ይታያል፤ ይዛቃል፤ ጨው ይነሰነስበታል። ክፉው ቀን ዝናብ መሬት እንደነካ ወዲያው ወደ በረዶነት የሚለወጥበት ነው። በዚያ ቀን ከረጃጅሞቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች ደጃፍ አንስቶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 አገልግሎት እስከጀመረው የፊንች ዌስት ቀላል ባቡር ፌርማታ ድረስ ያለው መንገድ አስፋልት ይመስላል እንጂ መስታወት ነው። ለንጋት ፈረቃ የሚጣደፍ ሰው እግሩ መሬት ላይ ተይዞ አካሉ ሲዞር፣ የመጀመሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ቁርጭምጭሚቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ከዘመድ አዝማድ የሚሰማው ቃል በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ወለምታ ነው፣ ታሽቶ ይድናል» የሚል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ በዕረፍት የሚድነው የጅማት ጉዳት ከስብራት ይበዛል። ችግሩ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አለመቻሉ ነው። እብጠቱም፣ ጥቁረቱም፣ ሕመሙም ይመሳሰላሉ። ለዚህ ችግር ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበት መፍትሔ የተገኘው እዚያው ኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዶክተር ኢያን ስቲል እና ባልደረቦቻቸው «የኦታዋ የቁርጭምጭሚት ደንብ» የተባለውን መመሪያ አቀረቡ። መመሪያው ሐኪሙን በጣቱ እንዲያነብ ያዘዋል። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ካሉት የአጥንት ጉብታዎች የአንዱ ጫፍ ወይም የታችኛው 6 ሴንቲ ሜትር የኋላ ጠርዝ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ጉዳተኛው በወደቀበት ጊዜም ሆነ በሆስፒታል 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ራጅ ያስፈልገዋል።

ጣት ከሚደርስባቸው ከእነዚህ ቦታዎች ውጪ የሚያመልጥ ጉዳት ግን አለ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዡል ዠርሜን ሜዞኔቭ እ.ኤ.አ. በ1840 እንደገለጸው፣ ቁርጭምጭሚት ተጠምዝዞ ሲጎዳ ስብራቱ ከጉልበት ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የሚሰበር አጥንት ሳይኖር ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች ያስተሳሰረው ጅማት ብቻ ይበጠሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ጅማትና ሲበጠስ በምትኩ በሚገባው ብሎን ላይ ነው።

አናጺ የሚያውቀው መገጣጠሚያ

የቁርጭምጭሚትን አሠራር አናጺ ከማንም ፈጥኖ ይረዳዋል። በአንዱ እንጨት ላይ ባለአራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቦረቦራል፤ የሌላው እንጨት ጫፍ ተቀርጾ በልኩ ይገባበታል። ጥበቡ ያለው በልኩ ላይ ነው፤ ከሰፋ ይወላገዳል፣ ከጠበበ ይሰነጠቃል። የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞችም ከላይ ያለውን የቁርጭምጭሚት ጎድጓዳ የሚጠሩት በዚሁ የአናጺዎች ቃል ነው።

የጎድጓዳው ጣሪያና የውስጠኛው ግድግዳ ቲቢያ ከሚባለው ከትልቁ የቅልጥም አጥንት የተሠሩ ናቸው። የውጭው ግድግዳ ፊቡላ የሚባለው ቀጭኑ አጥንት ነው። በጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ የሚንቀሳቀሰው ታለስ የሚባለው የእግር አጥንት ነው። አናጺው ግን ጉድጓዱን ከአንድ እንጨት ይቦረቡራል፤ የቁርጭምጭሚት ጎድጓዳ የቆመው ከሁለት የተለያዩ አጥንቶች ነው። ቲቢያ በውጭ ጎኑ ላይ ቦይ አለው፤ ፊቡላ እዚያ ቦይ ውስጥ ተቀምጧል። ከፊት፣ ከኋላና ከመካከል የሚያስሩት ጠንካራ ጅማቶች አሉ። ይህ ትስስር በሙያው ቋንቋ ሲንደስሞሲስ ይባላል።

ትስስሩ ጠንካራ ቢሆንም ግትር አይደለም። ታለስ ከፊት በኩል ከኋላው ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ ሰው ዳገት ሲወጣ ወይም ቁጢጥ ሲል ፊቡላ በጥቂቱ ወደ ውጭ ገለል ብሎና ዞር ብሎ ቦታ ይለቅለታል። እንቅስቃሴው ዓይን የማያየው ትንሽ ነገር ነው፤ ሳይኖር ሲቀር ግን ይታወቃል።

የአንድ ሚሊ ሜትር ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1976 ፖል ራምሲ እና ዊሊያም ሃሚልተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ23 የአስከሬን ቁርጭምጭሚቶች ላይ ቀላል ግን ብልህ ሙከራ አደረጉ። አጥንቶቹ የሚነካኩበትን ቦታ በካርቦን ጥቀርሻ ለዩ፤ ከዚያም ታለስን ወደ ውጭ በጥቂቱ እየገፉ ጥቀርሻው የሚያርፍበትን ስፋት ለኩ። ታለስ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲንሸራተት አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በአማካይ በ42 በመቶ ቀነሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት የትምህርት ቤት ነው። የሰውየው ክብደት አልተለወጠም፤ የሚያርፍበት ስፋት ግን ወደ 58 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው አማካይ ጫና ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። ሙከራው ሕይወት ባለው፣ ጡንቻና ጅማት በሚይዘው እግር ላይ የተደረገ ስላልሆነ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም። አቅጣጫው ግን አከራካሪ አይደለም፤ ጎድጓዳው ሲሰፋ የመገጣጠሚያው ልስላሴ ቶሎ ያልቃል። በመጋዘን፣ በጽዳት ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ እንጀራውን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ብሎኑ የሚገባው ለዚህ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የተሰበረውን አጥንት በብረት ሰሌዳ ያስተካክላል። ቀጥሎ ፊቡላን በመንጠቆ ወደ ውጭ ሳብ በማድረግ ወይም እግሩን ወደ ውጭ በማዞር ትስስሩ ይከፈት እንደሆነ በራጅ ይመለከታል። ከተከፈተ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ከፊቡላ ተነሥቶ ወደ ቲቢያ ይገባል። ቀዳዳው አስቀድሞ በ2.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይከፈታል። ብሎኑ ጥርሱ በሁለቱም አጥንቶች ላይ ስለሚነክስ አንዱን ወደ ሌላው አይስብም፤ የተገኙበትን ቦታ አስጠብቆ ይይዛቸዋል እንጂ። መያዝና መጭመቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በተሳሳተ ቦታ የተገኙትንም አጥንቶች በዚያው ጥንካሬ አስጠብቆ ይይዛቸዋል፤ ብሎን አይመርጥም።

ከኋላ ወደ ፊት

አንባቢ ቀጣዩን ነጥብ በራሱ እግር ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል። ተቀምጦ አውራ ጣቱን በውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ፣ ሌባ ጣቱን በውጭው ጉብታ ላይ ያሳርፍ። ሁለቱ ጣቶች ትይዩ አይደሉም። የውጭው ጉብታ ከውስጠኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ኋላም ሸሸት ብሏል። የውጭው ጉብታ የፊቡላ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ፊቡላ የሚገኘው ከቲቢያ ጎን ሳይሆን ከጎንና ከኋላ ነው።

ከዚህ ትንሽ እውነት የብሎኑ መንገድ በሙሉ ይወጣል። መሰርሰሪያው ቀጥታ ከውጭ ወደ ውስጥ ቢገፋ፣ የቲቢያን የኋላ ጠርዝ ብቻ ገጭቶ ሊያልፍ ወይም ጭራሽ ሊስተው ይችላል። በዚያ በኩል፣ ከውስጠኛው ጉብታ ኋላ፣ ወደ ውስጥ እግር የሚወርዱት የደም ሥርና ነርቭ አሉ። ስለዚህ ብሎኑ ከፊቡላ የኋላ ውጭ ገጽ ተነሥቶ ወደ ቲቢያ የፊት ውስጥ ገጽ በሰያፍ መሄድ አለበት። የሙያው መጻሕፍት ለረዥም ጊዜ ያስተማሩት ሰያፍ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። በሲቲ ስካን የተደረጉ የኋለኞቹ ልኬቶች ግን ትክክለኛው ሰያፍ ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ በብዙ ሰዎችም ከ30 ዲግሪ እንደሚያንስ አሳይተዋል። ቁጥሩ መነሻ ነው፤ መድረሻውን የሚወስነው የሰውየው አጥንት ነው።

ቁመቱስ? ብሎኑ ከመገጣጠሚያው ጣሪያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ጋር ትይዩ ሆኖ ይገባል። በጣም ከወረደ መገጣጠሚያውን ይነካል፤ በጣም ከወጣ ቀጭኑን ፊቡላ ሊያጎብጠው ይችላል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካጋደለ ደግሞ ፊቡላ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል።

ሰያፉ የሚለካው ግን ከምን ተነሥቶ ነው? መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ በቀዶ ጥገና ክፍልም ስሕተት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። ሐኪሙ 30 ዲግሪውን ከወለሉ አንጻር ቢለካ፣ እግሩ በጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደተኛ ማወቅ አለበት። በጀርባው የተኛ፣ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው እግር ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ውጭ ይዞራል። እግሩ 20 ዲግሪ ዞሮ ሳለ ከወለሉ 30 ዲግሪ መለካት ከአጥንቱ ሌላ ማዕዘን መለካት ነው። ለዚህ ነው ከዳሌው ሥር ድጋፍ ተደርጎ የጉልበት ሎሚው ወደ ጣሪያ እንዲመለከት የሚደረገው። ይህ ትራስ የሚመስል ነገር የልኬቱ መነሻ መሥመር ነው።

ሁለተኛው ምልክት መድረሻው ነው። የቲቢያ የፊት ውስጥ ገጽ ሥጋ የሌለበት፣ ከቆዳ ሥር ወዲያው የሚዳሰስ ነው። ሐኪሙ ከመሰርሰሩ በፊት ይህንን ገጽ ዳስሶ፣ መሰርሰሪያው ወዴት እንደሚያመራ በአእምሮው መሥመር ያሰምራል። ከውስጠኛው ጉብታ ፊት ለፊት የሚያልፈውን ትልቅ የቆዳ ሥር ደም መላሽና አብሮት የሚወርደውን ነርቭም እዚያው ያስባል።

ከብሎኑ በፊት የሚመጣው መቆንጠጫ ደግሞ ከብሎኑ ያላነሰ ጥፋት ያደርሳል። ሁለቱን አጥንቶች ለማቀራረብ የሚያገለግለው ይህ መሣሪያ አንዱ ጥርሱ በፊቡላ የውጭ ሸንተረር፣ ሌላው በቲቢያ የውስጥ ገጽ ላይ ያርፋል። የውስጡ ጥርስ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ወይም ወደ ፊት ከበዛ፣ መቆንጠጫው በተጠበቀ ቁጥር ፊቡላን ከቦዩ ያንሸራትተዋል። በአስከሬንና በታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የውስጡ ጥርስ በቲቢያ ስፋት የፊት ሢሶ አካባቢ ሲያርፍ ስሕተቱ እንደሚቀንስ አመልክተዋል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ብሎን የመቆንጠጫውን ትክክለኛነትም ሆነ ስሕተት ያትማል።

አንድ የቆየ ልማድ በዚህ መሐል ወድቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ጎድጓዳው እንዳይጠብ የታካሚው እግር ወደ ላይ ታጥፎ መያዝ አለበት ተብሎ ለዓመታት ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ፖል ቶርኔታ እና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ አጥንቶቹ በትክክለኛ ቦታቸው ካሉ እግሩ ወደ ታች ተዘርግቶ ቢጠብቅም እንቅስቃሴው እንደማይቀንስ አሳዩ። ዋናው የእግሩ አያያዝ ሳይሆን የፊቡላ ቦታ ነው።

ጥላው የሚሸሽገው

ሐኪሙ ሥራውን የሚቆጣጠረው በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ባለው፣ ግማሽ ክብ ክንድ ባለው የራጅ መሣሪያ ነው። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ከጣሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሚለካው ቦታ፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል የሚታየው ክፍተት ከ6 ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለበት። የታለስን የውጭ ጎንና የፊቡላን ጫፍ የሚያገናኘው ቅስት እንደ ሳንቲም ጠርዝ ሳይቆረጥ መዞር አለበት። እግሩም ወደ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዞሮ መነሣት አለበት፤ አለበለዚያ ጎድጓዳው በግልጽ አይታይም።

ነገር ግን ራጅ ጥላ ነው። ጥላ ስፋትን ያሳያል፤ አንድ አጥንት ከሌላው ፊት ይሁን ኋላ፣ በራሱ ዙሪያ ምን ያህል ዞሮ እንደሆነ ግን ይሸሽጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ጋርድነር እና ባልደረቦቻቸው በ25 ታካሚዎች ላይ ብሎን ከገባ በኋላ ራጅንና ሲቲ ስካንን አነጻጸሩ። ሲቲ ስካኑ በ13ቱ፣ ማለትም በ52 በመቶው፣ ፊቡላ በቦዩ ውስጥ በትክክል አለመቀመጡን አሳየ። ራጁ የያዘው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ጥናቱ ግን የሙያውን ልብ ነቅንቋል። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ ሲኖር ሁለቱንም እግሮች በሲቲ ስካን ማንሣት እየተለመደ መጥቷል። የቦዩ ጥልቀት ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ለተጎዳው እግር ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ የባለቤቱ ጤነኛ እግር የተሻለ መለኪያ ነው።

ምስል በሌለበት

የቶሮንቶ ታካሚ ይህን ሁሉ መሣሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ያገኛል፤ ለጄን ኤንድ ፊንች ነዋሪ ቅርብ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 በዊልሰን ጎዳና የተከፈተው የሃምበር ሪቨር ሆስፒታል ሕንፃ ነው። ከተማዋ በአጥንት ስብራት ሕክምናም የራሷ ስም አላት። በሰኒብሩክ ሆስፒታል የሠሩት ጆሴፍ ሻትዝከር እና ማርቪን ታይል እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት መጽሐፍ ስብራት መቼና ለምን በብረት እንደሚታሰር ለብዙ ሐኪሞች አስተምሯል።

የአንባቢው እናት ወይም ወንድም ግን የሚወድቁት በደሴ ወይም በጎንደር ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የቀዶ ጥገና ራጅ መሣሪያ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ያለውም ይበላሻል። እንዲህ ባለ ቦታ የአጥንት ምልክቶች የሐኪሙ ዋና ዓይን ይሆናሉ። ሐኪሙ የፊቱን ጅማት አካባቢ ከፍቶ፣ የቲቢያ የፊት ጉብታና የፊቡላ የፊት ጠርዝ መግጠማቸውን በዓይኑ አይቶ በጣቱ ያረጋግጣል። ይህ የድህነት ዘዴ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ መሣሪያው ባለባቸው አገሮችም ትስስሩን ከፍቶ ማየት በጥላ ብቻ ከመሥራት የተሻለ አቀማመጥ እንደሚያስገኝ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ምልክትን በመሣሪያ የመተካት ሌላው ምሳሌ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጭምር የሚሠራበት የሳይን ዘንግ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የተባለ ድርጅት፣ ለተሰበረ ጭንና ቅልጥም የሚሆን የብረት ዘንግ ራጅ ሳይኖር እንዲገባ አድርጎ ሠራው። ከውጭ የሚገጠም መምሪያ ክንድ፣ በአጥንት ውስጥ የተደበቀው የዘንጉ ቀዳዳ የት እንዳለ ለመሰርሰሪያው ይጠቁማል። ለቁርጭምጭሚት ትስስር ግን እንዲህ ያለ ክንድ የተለመደ አይደለም፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ነገር ልኩ በፋብሪካ የታወቀ ብረት ሳይሆን ከሰው ሰው የሚለያይ ቦይ ነው።

ወጌሻስ? የብዙ ወጌሾች እጅ ውልቃትን በመመለስ የተመሰገነ ነው፤ ጣታቸው አጥንትን ያነብባል። በዚህ ጉዳት ላይ ግን ሁለት ነገር ይገድባቸዋል። የተከፈተ ትስስር በማሸት አይዘጋም። እግር ባበጠበት ጊዜ ጠብቆ የሚታሰር ቀርከሃ ወይም ጨርቅ ደግሞ የደም ዝውውርን ሊያቆም ይችላል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። ሕፃናትም ከእነዚህ መካከል አሉ።

ብሎኑ ከገባ በኋላ

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ታካሚው በአብዛኛው ለስድስት ሳምንታት ያህል በክራንች ይሄዳል፤ ክብደት መጣል የሚጀመረው ሐኪሙ በወሰነው ቀን ነው። ቀደም ሲል ብሎኑ ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይወጣ ነበር። በኔዘርላንድ የተደረገ ሰፊ ንጽጽር፣ ችግር ሲፈጥር ብቻ ማውጣት ለሁሉም ከማውጣት የከፋ ውጤት እንደማያመጣ አሳይቷል። ብሎኑ በአጥንቶቹ መካከል ሊሰበርም ይችላል። ወሬው ያስደነግጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ፊቡላ የለመደውን ትንሽ እንቅስቃሴ መልሶ አግኝቷል ማለት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብሎን ፋንታ በሁለት ቁልፎች የተወጠረ ጠንካራ ክር የሚጠቀሙ ሐኪሞች በርክተዋል። ዋጋው ከብሎን ይበልጣል፤ ነገር ግን ትንሹን እንቅስቃሴ ይፈቅዳል፣ መጠነኛ የአቀማመጥ ስሕተትንም ይቅር ይላል።

በኦንታሪዮ የሆስፒታሉን ቀዶ ጥገና የግዛቱ የጤና መድን ይሸፍናል። የፊዚዮቴራፒው ነገር ግን የተለየ ነው። በሰፈር ክሊኒኮች የሚሰጠው በመንግሥት የሚከፈል አገልግሎት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ወይም 19 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ፣ በማኅበራዊ ወይም በአካል ጉዳት ድጎማ ለሚኖሩ፣ እንዲሁም ለሕመሙ በሆስፒታል ተኝተው ላደሩ ሰዎች ነው። በመካከል ዕድሜ ያለ፣ በዚያው ቀን ታክሞ ወደ ቤቱ የተላከ ሠራተኛ ከእነዚህ በአንዱም ላይካተት ይችላል። የወደቀው በሥራ ላይ ከሆነ የግዛቱ የሥራ ጉዳት መድን አለ፤ ለዚያ ግን አደጋው ቶሎ መመዝገብ አለበት። ከሆስፒታል ሲወጣ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻና ምስሎቹን ቅጂ መጠየቅ የማንኛውም ታካሚ መብት ነው። ሦስት ጥያቄዎችም ለሐኪሙ ሊቀርቡ ይገባል፦ ትስስሩ ተፈትሿል ወይ? የፊቡላ አቀማመጥ የተረጋገጠው በራጅ ነው ወይስ በሲቲ ስካን? ጤነኛው እግርስ ለንጽጽር ታይቷል ወይ?